የእትዬ ታንጉት ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ከእህቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። እህቴ መተማ ዮሐንስ በጤና ረዳትነት ትሠራለች። ደብዳቤዋ ሁልጊዜ በሙቀቱ ይጀምርና ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል ወደሚለው ይሄዳል። የአሁኑ ግን ከሰላምታው በፊት አንድ መስመር ነበረበት። «እትዬ ታንጉት ገለጉ ላይ በወባ አርፈዋል፤ ከሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

ዶርም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አዝኛለሁ። ነገር ግን እውነቱን ለመጻፍ ስለ ተነሣሁ፣ ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝን ስሜት መደበቅ አልችልም። እህቴ ቀጥላ እንዲህ ትላለች፤ «ለቀብራቸው ከኮኪትም ከሸህዲም ሹፌሩ ሁሉ መጣ። ትራክተር ነጂዎቹ እንደ ሕፃን አለቀሱ።» ይህን ሳነብ ያሰብኩት፣ እኔ ብሞት የትኛው ትራክተር ነጂ ያለቅስልኛል ብዬ ነው። እትዬ ታንጉት ሞተውም ቀናሁባቸው።

ቅናቱ የቆየ ነው። የጀመረው ኮኪት አጠገብ፣ የሰሊጥና የማሽላ ዘር በሚሞከርበት አንድ የመንግሥት ጣቢያ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ በትንሽ ነጥብ አምልጦኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጣቢያው እንግሊዝኛ የሚያነብ ሠራተኛ ሲፈልግ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከማሳው የሚመጣውን ወረቀት፣ የትኛው ዘር በስንት ቀን አበበ፣ የትኛው በተባይ ተበላ፣ ዝናቡ ስንት ሚሊ ሜትር ነበር የሚለውን፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት ነበር።

ኮምፒዩተሮቹ ሁለት ናቸው። በእርዳታ የመጡ ሲሆኑ አንድ ኸዋጃ፣ በእኛ አገር ፈረንጅን እንዲህ ነው የምንለው፣ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ተክሏቸው ሄደ። በመልክ መንታ ናቸው። የሚለያዩት ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሚባለው፣ ማሽኑን ቀስቅሶ በሚያሠራው ፕሮግራም ነው። አንደኛዋ በቀን አራት አምስት ጊዜ ድንገት ቀጥ ትላለች። ቁልፍ ብትነካ አትሰማም። ያለው መድኃኒት እንደገና ማስነሳት ብቻ ነው፤ ያላስቀመጥከው ሥራም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛዋ ግን ሳታርፍ ሳምንታት ትሄዳለች። ለዘሩ ማቀዝቀዣ ሲባል ጄኔሬተሩ ስለማይጠፋ፣ እሷን የሚያስቆማት አልነበረም።

ስም ያወጡላቸው የጣቢያው ሹፌሮች ናቸው።

«አህያ ጭነት ሲከብዳት መንገድ ላይ ትተኛለች፤ ብትገርፋት አትነሳም» አለ አንዱ። «ይችኛዋ ግን ግመል ናት፤ ከገዳሪፍ እዚህ ድረስ ውኃ አትጠይቅህም።»

ከዚያ ወዲያ አህያዋና ግመሏ ተባሉ፤ ኃላፊያችን ጓድ ይልማ ሳይቀሩ በስብሰባ ላይ እንዲሁ ይጠሯቸው ጀመር። አህያዋ ለእኔ ደረሰችኝ። ግመሏ ለእትዬ ታንጉት።

እትዬ ታንጉት አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ነበሩ። የበለሳ ሰው ናቸው። ወደ ቆላ የወረዱት ሳሉግ ሆነው፣ ማለት ለሰሊጥ አጨዳ ከሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ ጋር ነው። አጨዳው ሲያልቅ ሌላው ወደ ደጋው ሲመለስ እሳቸው ቀሩ። ትምህርታቸው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያገኙት ፊደል ብቻ ነው። ጣቢያው ውስጥ የውኃ ፓምፕ ጠባቂ ሆነው ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ኮምፒዩተር ክፍል እንዴት ገባች? እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ ያውም በየቀኑ።

የገቡት በጆሯቸው ነው። ኸዋጃው ማሽኖቹን በሚተክልበት ቀን ክፍሉን ሊጠርጉ ይመጣሉ። በሩ ላይ ቆም ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ከጆሯቸው ወደ ኋላ መለስ አደረጉ። ጓድ ይልማንም «ጌታዬ፣ ይሄ ጄኔሬተር ዘይት ጠምቶታል» አሏቸው።

ጓድ ይልማ ሳቁ። «ጌታዬ የለም፣ ጓድ ነው የሚባለው። ዘይቱ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ተቀይሯል።»

«ይሁን ጓድ። ብቻ ጠምቶታል።»

መካኒኩ ሄዶ ሲያይ የዘይቱ ማውረጃ ላልቶ አሸዋው ላይ ፈስሷል። ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ኖሮ ሞተሩ ነክሶ ይቆም ነበር። ኸዋጃው ታሪኩን በአስተርጓሚ ከሰማ በኋላ መጥረጊያቸውን ከእጃቸው ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ግመሏ ፊት አስቀመጣቸው። በዚያ ሁለት ሳምንት ያሳያቸውን ሁሉ ያዙ። የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ እንደ ጥልፍ አበባ እያዩ ደብተር ላይ ቀድተው፣ ከጎኑ በአማርኛ ፊደል ሥራውን ጻፉ፤ «ምን እየሠራሽ ነው»፣ «ማን አለ»፣ «ደህና ዋይ»። ይህን ደብተር ሳይ ውስጤ ይቃጠል ነበር። እኔ እንግሊዝኛውን አነባለሁ፤ መመሪያው አራት መቶ ገጽ ነው፤ ጀምሬው ነበር።

እሳቸው ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ መዳፋቸውን ማሽኑ ጎን ላይ ያሳርፋሉ፣ ሰው የታመመች ጥጃን ትኩሳት እንደሚለካ። ከዚያ ጆሯቸውን ገለጥ አድርገው ትንሽ ያዳምጣሉ። ከዚያ ይቀመጣሉ። ሦስት ወር ሙሉ ግመሏ አንድ ጊዜ ብቻ ጠፍታ እንደገና ተነሣች፤ እሱም ጄኔሬተሩ ለጥገና በመቆሙ ነው። በዚያው ሦስት ወር አህያዋ በእኔ እጅ ስንት ጊዜ እንደ ተኛች ቁጥሩን አላውቅም። የዝናቡን ሠንጠረዥ ብቻ አራት ጊዜ እንደገና ጽፌዋለሁ።

ሹፌሮቹ ሲገቡ እሳቸውን ነበር ቀድመው የሚጠሩት። «እትዬ ታንጉት፣ ይችን መኪና ይስሙልኝማ፤ ዳገት ላይ ታጉረመርማለች» ይላሉ። ወጥተው ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «ሁለተኛው ሲሊንደር አልተኮሰም» ወይም «ቀበቶው ነው» ብለው ይመለሳሉ። ኸዋጃው ካገሩ አንድ ካርቶን ዲስክ ሲልክ በላዩ ላይ ስማቸውን ጽፎ ነው። አጻጻፉ «ታንጉት» ለማለት አንድ ፊደል ይጎድለዋል፤ ይህን ስህተት ለስንት ሰው እንደ ነገርኩ ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ቀን አህያዋ ግማሽ ቀን የሠራሁትን ይዛብኝ ስትተኛ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

እትዬ ታንጉት ዞር ብለው አዩኝ። «መልካሙ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ነበር የተነሣችው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«አሁን ስድስት ተኩል ነው። ፓምፕ እንኳ ይሄን ያህል ሳያርፍ አላሠራም። ሳትለምንህ አሳርፋት እንጂ።»

«እትዬ ታንጉት፣ ይሄ ፓምፕ አይደለም» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «የሲስተም ልዩነት ነው። ግመሏን ቢሰጡኝ እኔም አንድም ቀን አላስነሳም።»

«ጠይቃቸዋ» አሉኝ። ምንም ቅያሜ አልነበረበትም። እንዲያ ባይሉኝ ምናልባት አልጠይቅም ነበር።

ጓድ ይልማ ዘንድ ገባሁ። ብዙ አልተከራከሩኝም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰሉ፣ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ከላይ አንድ ቅጽ ደርሷቸው ነበር። ለሌሎች ጣቢያዎች ኮምፒዩተር ሊገዛ ታስቦ፣ ከሁለቱ ሲስተሞች የትኛው በወር ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ተመዝግቦ እንዲላክ ይጠይቃል። በተጨማሪም ከጣቢያው አንድ ሠራተኛ ለስድስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ እንዲላክ ይላል። ሁለታችንን ጠሩን።

«ማሽን ተቀያየሩ። አንድ ወር ሙሉ መዝግቡ። በጥሩ ሁኔታ የሠራው ይሄዳል» አሉ።

አዲስ አበባ መሄድ ለእኔ ምን ማለት እንደ ነበር ማስረዳት አያስፈልገኝም። ማትሪክ እንደገና የምፈተነው እዚያ ከሆንኩ ብቻ ነው፤ ኮኪት የማጠናበት ትምህርት ቤት የለም። እትዬ ታንጉት ግን ለምን ሊሄዱ እንደ ፈለጉ አልገባኝም ነበር። በመንገድ ስንመለስ ጠየቅኳቸው።

«ኸዋጃው የነገረኝ አለ» አሉኝ። «አዲስ አበባ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትነሣ የምትሠራ ማሽን አለች አሉ። እሷን አጠገቧ ቆሜ ልሰማት እፈልጋለሁ።»

«ለመስማት ብቻ?»

«እንዴ! አንድ ዓመት ሳታርፍ ስትኖር ድምጿ ምን እንደሚል አትጓጓም?»

አልጓጓሁም። ብቻ እሳቸው እንዲጓጉ ያደረጋቸውን ነገር ተመኘሁት።

አመዘጋገቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሁለት የሻይ ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። ማሽን በተነሣች ቁጥር ለግመሏ አንድ ፍሬ ሰሊጥ፣ ለአህያዋ አንድ ፍሬ ማሽላ። ጣቢያው ውስጥ የማይጠፋው ዘር ነው፤ ወረቀት ሲጠፋ የሚመጣው ከጎንደር ነበር። ለአህያዋ ሁለት ዓይነት ማሽላ መረጡ፤ ነጭና ቀይ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ግመሏን በያዝኩ በሦስተኛው ቀን ዘገየችብኝ። አንድ ቁልፍ ነካሁ፣ መልስ የለም። ሁለተኛ ነካሁ። ትዕግሥት አጣሁና የኃይሉን ቁልፍ ተጭኜ አጠፋኋት፣ ወዲያው አበራኋት። ስትነሣ «ጢጥ» ትላለች፣ ሁለቱም ማሽኖች ሲነሡ እንዲህ ነው የሚሉት። ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ሙሉ ራሷን ስትመረምር ስክሪኑ ላይ መስመር ሲወርድ አየሁ።

እትዬ ታንጉት ከአህያዋ ዓይናቸውን ሳያነሡ «ስታቆማት ደህና ዋይ በላት፤ እንዲያው ስትቆርጣት ትታመማለች። ከማጥፋትህ በፊት ደግሞ ምን እየሠራሽ ነው ብለህ ጠይቃት፤ ደብተሬ ላይ አለ» አሉ።

ደብተራቸውን አልተበደርኩም። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው የጻፈውን የእንግሊዝኛ ትእዛዝ መበደር አልሆንልህ አለኝ። ሰሊጥ ግን አንድ ፍሬ ጨመርኩ። በማግስቱ እንደገና ዘገየች፤ እንደገና ቆረጥኳት፤ ሁለተኛ ፍሬ ጨመርኩ። በሦስተኛው ጊዜ እትዬ ታንጉት ውጪ ነበሩ፤ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር የአንድ ትራክተር ሞተር ይሰሙ ነበር። ብርጭቆውን አየሁት፤ ሁለት ፍሬ ነው። ግመል ሦስት ጊዜ በአንድ ሳምንት ተነሣች ከተባለ ጥፋቱ የማን እንደሚሆን አሰብኩ። እጄን ከሰሊጡ ጆንያ ላይ መለስኩት። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ቀላል ሆነ። እሳቸው ወጣ ሲሉ እጠብቃለሁ፤ የዘገየች ከሆነ ያኔ አጠፋታለሁ። በወሩ መጨረሻ ያልጨመርኩት ስድስት ፍሬ እንደሆነ በደንብ አውቅ ነበር። ሰው የደበቀውን ነገር ቁጥር አይረሳም ብዬ አምን ነበር።

የእትዬ ታንጉት ብርጭቆ ግን በየቀኑ ይጨምራል። አየሁ፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራቸውን ያስቀምጣሉ፣ አህያዋን ራሳቸው ያስነሣሉ፣ አንድ ነጭ ማሽላ ይጨምራሉ። አህያዋ በወሩ ውስጥ በራሷ የተኛችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ቀይ ማሽላ ጨመሩ። ከማሳው የመጣውን ወረቀት በሙሉ አስገብተው ጨርሰው፣ ከእኔ ድርሻም የዝናቡን ሠንጠረዥ ወስደው ሠርተውልኛል። ሰው በአህያ ግመልን ሲቀድም እያየሁ በሁለት ፍሬ ሰሊጥ እጽናና ነበር።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነበር። ጓድ ይልማ ቅጹን ይዘው መጡና ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ መዳፋቸው ላይ ገለበጡ። የእኔን አዩ፤ «ሁለት!» አሉ። የእትዬ ታንጉትን ሲገለብጡ ከመዳፋቸው ተንሸራቶ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ቆጠሩ። ሰባ ዘጠኝ።

«ጓድ ታንጉት፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ነጩ እኔ ያሳረፍኳት ነው ጓድ። ቀዩ እሷ የተኛችበት ነው። ቀዩ አንድ ነው።»

ጓድ ይልማ ቅጹን አዩት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቅጹ ላይ ግን ያለው አንድ ዓምድ ነው፤ «በወሩ ውስጥ ማሽኑ የተነሣበት ብዛት» ይላል። ነጭና ቀይ የሚል ቦታ የለውም።

«እዚህ ላይ የሚጻፈው ስንቴ ተነሣ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ለስለስ ብሎ።

«እንግዲያው ሰባ ዘጠኝ ነዋ» አሉ እትዬ ታንጉት።

ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ከጆሯቸው መለስ አድርገው፣ የሚመጣ ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆሙ። እኔ ቅጹን አየሁ። ጓድ ይልማ በግመሏ ዓምድ ሁለት፣ በአህያዋ ሰባ ዘጠኝ ብለው ጻፉ፤ ከታች ለሥልጠናው ስሜን ጻፉ። እትዬ ታንጉት የተበተነውን ማሽላ በመዳፋቸው ሰብስበው ለዶሮዎቹ ሊሰጡ ወጡ።

የተጓዝኩት በአይከል በኩል ጎንደር በሚወጣ ሰሊጥ የጫነ መኪና ላይ ነው። እትዬ ታንጉት ሊሸኙኝ መጡ። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ እሳቸው የታጠፈች ትንሽ ወረቀት በመስኮት አቀበሉኝ።

«ምንድን ነው እትዬ ታንጉት?»

«የረሳኸው ነው። መንገድ ላይ እንዳይጠፋብህ።»

«ምን ረሳሁ?»

«አየኸዋ! መኪናው ይነሣል፤ ግባ። በርታ መልካሙ። አንድ ዓመት የቆየችውን ካገኘሃት ስማልኝ።» ከዚያ ለሹፌሩ፣ «አንተ፣ ሦስተኛውን ማርሽ አታስጩኸው» ብለው ፈገግ አሉ።

ሸህዲን እንዳለፍን ወረቀቱን ፈታሁት። ውስጡ ሰሊጥ ነው። ቆጠርኩት። ሰባት ፍሬ።

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ቀጥሎ የመጣው ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስታ ነበር። ሰባት! ተሳስተዋል! እኔ የደበቅኩት ስድስት ነው። የዚያ ሁሉ ሹፌር መመኪያ የሆነው ጆሮ በአንድ ተሳስቷል። ከሸህዲ እስከ አይከል ዳገት በዚህ ስደሰት ሄድኩ።

ዳገቱ ላይ የመኪናው ሞተር ጠፋ። ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ወዲያው ጠፋ፤ ደግሞ አዞረው፣ ተነሣ። ያኔ ትዝ አለኝ። አንድ ዓርብ ቀን ግመሏን አጥፍቼ ሳበራት ምርመራዋ ረዘመብኝና፣ ሳትጨርስ እንደገና ቆርጬ አስነሥቻት ነበር። ሁለት ጊዜ «ጢጥ» ብላለች። እኔ እንደ አንድ ነው የቆጠርኩት። እሳቸው ኒም ዛፉ ሥር፣ በጄኔሬተሩና በትራክተሩ ጩኸት መካከል ሆነው፣ ሁለቱንም ሰምተዋል። የራሴን ውሸት እንኳ ከእኔ ይልቅ በትክክል የቆጠሩት እሳቸው ናቸው።

ሥልጠናውን ጨረስኩ። ማትሪኩንም እንደገና ተፈትኜ አለፍኩ፤ ይኸው አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚያ ቅጽ ምክንያት የአህያዋ ዓይነት ለሌሎች ጣቢያዎች ሳይገዛ ቀረ። ጣቢያችንም ዓምና ተዘግቶ ማሽኖቹ ወደ ጎንደር ተጫኑ። እትዬ ታንጉት ገለጉ ወርደው እንደገና ፓምፕ ጠባቂ ሆኑ። እህቴ እንደጻፈችው፣ ትኩሳቱ ሲበረታባቸው እንኳ «ፓምፑን አጥፉት፣ ይረፍ» ይሉ ነበር።

ያቺን ማሽን በሥልጠናው ሁለተኛ ወር አግኝቻታለሁ። የመስታወት በር ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ናት። ጎኗ ላይ የተለጠፈ ወረቀት መጨረሻ የተነሣችበትን ቀን ይናገራል፤ ዓመት ከሁለት ወር አልፎታል። አስተማሪያችን ሌሎቹን ይዞ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። መዳፌን ጎኗ ላይ አሳረፍኩ፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ረጅም ጊዜ ቆምኩ። የማራገቢያ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት።

ይህን ልጽፍላቸው ብዙ ጊዜ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ምን ትል ነበር ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ሳልጽፍ ቀረሁ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሳታርፍ የኖረች ማሽን ምን እንደምትል ሊሰሙ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ አጠገቧ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ።

ሰባቱ ፍሬዎች ደብተሬ ውስጥ አሉ። ዛሬ ጠዋት ቆጠርኳቸው፤ ትክክል ናቸው።